ያልተነበበው አጥንት

ስለ መሪጌታ ወልደጻድቅ ንገሩን ካላችሁኝ እነግራችኋለሁ፤ ግን መሀል ላይ "ይብቃዎት፣ የኔታ" የሚለኝ ሰው አልወድም። የጀመርኩትን ልጨርስ። ሌላው ሰው ስለ እሳቸው ሲያወራ እሰማለሁ። ግማሹ "ጠንቋይ ነበሩ" ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ከሞቱ ወዲህ ጻድቅ ሊያደርጋቸው ይዳዳዋል። ሁለቱም ውሸት ነው። ሰው ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉንፋን የማይለቃቸው፣ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚሰልል፣ ያመኑበትን ነገር ገደል አፋፍ ላይ ብታቆሟቸው የማይለቁ ግትር ሰው።

ከአንኮበር ወዲህ፣ ገደሉ አናት ላይ ወዳለችው ወደ እኛ ደብር የመጡት ንጉሡ ወደ እንጦጦ ከወጡ በኋላ ነው። መኳንንቱ ተከትሎ ወጣ፣ ሠራዊቱ ተከትሎ ወጣ፣ ገበያውም ቀዘቀዘ። ለእኛ የቀረልን ጉምና ብርድ ብቻ ነበር። እንግዲህ ሰው ሁሉ ጥሎን ሲሄድ እሳቸው ከሰላ ድንጋይ ዜማ ሊያስተምሩ መጡ። አንድ አህያ፣ ሁለት መጽሐፍ በማኅደራቸው፣ አንድ የቀለም ቀንድ። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ።

እኔ ገብረ ሕይወት እባላለሁ። የንባብ ቤቱ መምህር ነኝ፤ ነበርኩ ልበል እንጂ። ሃያ ስድስት ዓመት ፊደል አስቆጥሬአለሁ፣ ዳዊት አስደግሜአለሁ። በዚህ አጥቢያ ዳዊት ደገምኩ የሚል ሁሉ፣ ቄሱም ቢሆን፣ ጭቃ ሹሙም ቢሆን፣ የእኔን አርጩሜ የቀመሰ ነው።

እና አሁን የምነግራችሁን ያን ጊዜ ሰው ቢያውቅብኝ ኖሮ ገደል እገባ ነበር። ማንበብ አልችልም ነበር።

አትሳቁ! የእኔ መምህር ዓይነ ስውር ነበሩ፤ አፈሩን ገለባ ያድርግላቸው። ያስተማሩኝ ሁሉ በቃል ነው። ዳዊትን ከመጀመሪያው መዝሙር እስከ መጨረሻው፣ አንዲት ቃል ሳትወድቅብኝ አወርደዋለሁ። ፊደሉንም በተራው ከሆነ አውቀዋለሁ፤ ገበታው ላይ የትኛው የት እንደተቀመጠ ተመርቼ እደርስበታለሁ። ከሰፈሩ ያወጣችሁት እንደሆነ ግን ግራ ይገባኛል። ሰው በእጁ የጻፈው ከሆነ ደግሞ ጭራሽ የጉንዳን መንገድ ነው። መምህሬ ሲሞቱ ወንበሩን ወረስኩ። ማን ይጠይቀኛል? ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስቆጥራል፤ እኔ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ ስህተቱን በጆሮዬ እይዛለሁ፤ ጆሮዬ ደግሞ አንዲት አያመልጠውም። ደብዳቤ ይዞ የመጣ ሰው ካለ "ዓይኔን አሞኛል" እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? እንዲያ እያልኩ ኖርኩ።

መሪጌታ በመጡ በሁለተኛው ወር ነገር ተጀመረ። ከእኔ ዘንድ ዳዊት ጨርሰው ወደ ዜማ ቤት የተሻገሩትን ልጆች አንድ በአንድ እየጠሩ መጽሐፍ ገለጡላቸው። አንዱ ደረቱን ነፍቶ፣ በሚያምር ድምፅ፣ የመጀመሪያውን መዝሙር ለቀቀው። መሪጌታ የገለጡለት ግን ከመጨረሻው አካባቢ ነበር።

"ልጄ፣ የቱ ጋ ነህ?" አሉት።

"እዚሁ ነኝ" አለና ጣቱን ብራናው ላይ ጣል አደረገ።

የቆመው ሁሉ ሳቀ። መሪጌታ አልሳቁም። እኔም አልሳቅሁም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምህራኑን ሁሉ ደጀ ሰላም ሰበሰቡን። የቅኔው መምህር አሉ፣ የአቋቋሙ አለ፣ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩት ቄስ ብርሃነ መስቀል አሉ፣ እኔ አለሁ።

"ልጆቻችን ይጮኻሉ እንጂ አያነቡም" አሉ መሪጌታ። "ይህ የንባብ ቤቱ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው። ዜማ የሚማረው ድጓውን በዓይኑ ይከተል። ባሕረ ሐሳብ የሚማረው ሐሳቡን በእጁ ይጻፍ። ቅኔ የሚማረው የተቀኘውን ይጻፍና በማግሥቱ ራሱ ያንብበው። በየቤታችን፣ በየቀኑ፣ ልጆቹ አይተውት የማያውቁትን ጽሑፍ እናስነብባቸው። ንባብ ቤት ገብቶ የሚወጣ ሳይሆን እስከ መጨረሻው አብሮ የሚሄድ ነው።"

የቅኔው መምህር "ቅኔ ከልብ ይፈልቃል እንጂ ከብራና አይቀዳም" አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። ቄስ ብርሃነ መስቀል "እኔ ስንቱን ልሥራ?" አሉ። የአቋቋሙ መምህር መቋሚያውን በነጠላው ጫፍ ይወለውል ጀመር። የእኔ ግን ደሜ ፈላ። ለምን እንደፈላ እናንተ አሁን ታውቃላችሁ፤ እነሱ አላወቁም።

"መሪጌታ፣ ወንበሬ ካማረዎ ይውሰዱት!" አልኩ። "ሃያ ሦስት ዓመት ያስተማርኩት ጩኸት ነው?"

"እርስዎን ለመንካት አይደለም፣ የኔታ።"

"ነው እንጂ! ደግሞስ መጻፍ ብሎ ነገር ምንድን ነው? ሰው ልጁን አምኖ ቢሰጠን ክታብ ጸሐፊ አድርገን ልንመልስለት?"

ይህችን ቃል የጣልኳት አውቄ ነው። በእኛ አገር ማንበብ ክብር ነው፤ መጻፍ ግን ያስጠረጥራል። ብርዕ የያዘ ደብተራ ጥላ ይወጋል፣ ጋኔን ይስባል ይባላል። አባት ልጁን ሲያመጣልን "ንባቡን አስለምዱልኝ፤ እጁን ግን ቀለም አታስነኩብኝ" ብሎ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና በሳምንቱ "መሪጌታ ክታብ ያስተምራሉ" የሚለው ወሬ አጥቢያውን ዞሮ እኔው ዘንድ መጣ።

እሳቸው ምን ሲደረግ ይተዉታል! ብቻቸውን ጀመሩት። ብራና ውድ ነው፤ ስለዚህ በሬ በታረደ ቁጥር የትከሻውን ሰፊ አጥንት ይለምናሉ። ሴቶቹ "ምነው መሪጌታ፣ ከውሻ ጋር ተሻሙ?" እያሉ ይስቁባቸዋል። ተማሪዎቹ አጥንቱን በአመድ ፈትገው ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፤ ልሙጥና ነጭ ይሆናል። በላዩ ይጽፋሉ፣ ያነባሉ፣ ያጥቡታል፣ እንደገና ይጽፋሉ። ምን ያልጻፉት ነገር አለ? የበዓሉን ቀን፣ የመድኃኒቱን ቅጠል፣ የሰማይ ኮከብ ስም፣ የመሬት ሙግት፣ እናት ለልጇ የላከችውን ምክር። የተማሩትን ሁሉ በአማርኛ ያስጽፏቸዋል። በሁለት ዓመቱ ወልደተንሣኤ የሚባለው ትልቁ ተማሪ ከደብረ ብርሃን የመጣ ነጋዴ የያዘውን ደብዳቤ ገበያ መሀል ቆሞ ሳይደናቀፍ ሲያነበው ሰው አፉን ያዘ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ቀናሁ፤ አልደብቃችሁም። ጢሙን ገና ያቀመቀመ ጎረምሳ ባነበበው ነገር ሽማግሌው ሰውዬ ተቃጠልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ቤቴ መጡ። ከነጠላቸው ሥር አንድ አጥንት አወጡ፤ ፊደል ተጽፎበታል፤ በትልቁ፣ በደማቁ፣ አንዱ ካንዱ ራቅ ራቅ ብሎ፣ ከተራው ተደበላልቆ።

"ዓይንዎ እንደሚደክምዎ ሰምቼ በትልቁ ጻፍኩልዎ" አሉ ዝግ ብለው። "ከሰዓት ከሰዓት ብቅ ይበሉ። ሰው አያውቅም። ከፋሲካ በፊት እንጨርሰዋለን።"

አውቀውብኛል! እንግዲህ ምን ነበር የሚገባኝ? እግራቸውን መሳም ነበር።

"ውጡልኝ ከቤቴ!" አልኩ።

ወጡ። አጥንቱን ምድጃው አጠገብ ትተውት ሄዱ፤ እኔ ደግሞ አንሥቼ ጓሮ ወረወርኩት። ነገሩን ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ይህንን ነው እስከ ዛሬ መሸከም ያቃተኝ፤ ለማንም አላሉም።

በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ የከብቱ ነገር መጣ። መጀመሪያ ወሬ ነበር፤ በወዲያኛው አገር ከብት እያለቀሰ ይሞታል ተባለ። እኛ ሳቅን። ከብት ያለቅሳል? ከዚያ የልጄ ባል የይሁኔ በሬ፣ ቦራ የሚሉት፣ ዓይኑ እንባ ያንጠባጥብ ጀመር። አፍንጫው ዘነበ፣ አስቀመጠው፣ በአራተኛው ቀን ወደቀ።

ይሁኔ ጨዋ ልጅ ነው። አንድ ልጄን በሰለችን ያገባ፣ ሁለት በሬና አንዲት ላም ያለው፣ እርሻውን የሚወድ ሰው ነው። ቦራን ጎትቶ ሲያወጣ ከበረቱ ፍግ ውስጥ አንድ ነገር ነጣ ብሎ ታየው። የትከሻ አጥንት ነው፤ ከላይ እስከ ታች በቀለም ተጽፎበታል።

አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ውሻው ነው ያመጣው! ውሻ አጥንት ካልወሰደ ምን ሊወስድ ነው? የመሪጌታ ግቢ አጥር የለው፣ አጥንቱ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይውላል፣ የይሁኔ ውሻ ደግሞ ከጧት እስከ ማታ እዚያ ያንዣብባል። ይህንን ግን ያን ዕለት አንድም ሰው አላሰበም። ይሁኔ አጥንቱን በእጁ እንኳ አልነካውም፤ በቅጠል ጠቅልሎ "ከብቴን አስማት ቀበሩበት!" እያለ እየጮኸ መጣ። ዓርብ ዕለት ነበር። ቀትር ሳይደርስ የአጥቢያው ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከወይራው ሥር ተሰበሰበ።

ጭቃ ሹሙ ኃይለ ገብርኤል ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። መሪጌታ ቆሙ፤ ወልደተንሣኤ አጠገባቸው።

"አጥንቱ የእርስዎ ነው?" አላቸው።

"የእኔ ነው። ጽሕፈቱ የወልደተንሣኤ ነው። ጌቶቼ፣ ስሙኝ፤ ወንድሜ ማክሰኞ ዕለት ከደነባ ደብዳቤ ላከልኝ። የከብቱ በሽታ እዚያ ደርሶ አይተውታል፤ ምን እንዳዳነና ምን እንደገደለ ጽፎልኛል። ነገ ተማሪዎቹ ለምነው ሊበሉ በየመንደሩ ሲወጡ በየደጃፉ እንዲያነቡላችሁ እያንዳንዳቸው በየአጥንታቸው ጽፈውታል። አንብቡት! አሁኑኑ አንብቡት፤ ቀን የለንም።"

"የተከሰሰ ሰው ምን ይላል ታዲያ?" አለ ይሁኔ። "በሬዬን ገድሎ ምክር ነው ይለኛል!"

"ይነበባ" አለ ጭቃ ሹሙ። አጥንቱን ለቄስ ብርሃነ መስቀል ሰጠ። ቄሱ ገለበጡት፣ መልሰው ገለበጡት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ያስተማሩኝ የኔታ እያሉ እኔ ማን ነኝና አነባለሁ?" አሉና ወደ እኔ አሳለፉት። እሳቸውም ያው የእኔ ተማሪ ናቸው፤ ሌላ ምን ይሉ ነበር?

አጥንቱ እጄ ላይ አረፈ። ቀላል ነበር። ያ ሁሉ የጉንዳን መንገድ ከላይ እስከ ታች ተሰልፏል። ከመሀል አንዲት ፊደል የማውቃት መሰለኝና ልይዛት ስል ጠፋችብኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። በሰለች ሕፃኗን እናናየሁን አዝላ ከሴቶቹ መሀል ቆማለች።

"አባዬ፣ ያንብቡልና!" አለችኝ።

ቀና ስል ዓይኔ ከመሪጌታ ዓይን ጋር ተጋጠመ። አልተቆጡም። አሁንም ምስጢሬን አላወጡም። እንዲያውም የራሴን ውሸት አንሥተው ሰጡኝ።

"የኔታ፣ ዓይንዎን ካመመዎ ወልደተንሣኤ ያንብብልዎ፤ እርስዎ አጠገቡ ቆመው ይስሙት" አሉ።

በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልኝ እኮ! "እሺ" ብል አለቀ። ወልደተንሣኤ ሊያነብ አንድ እርምጃ ቀረበ። እኔ ግን ምን እንደታየኝ ልንገራችሁ? ሰው ሲሳሳቅ ታየኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማሩት የኔታ የመሪጌታን ተማሪ አስነበቡ ሲባል ታየኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩ።

"ዓይኔ ደኅና ነው" አልኩ ጮክ ብዬ። "ይህ የሚነበብ ነገር አይደለም። አስማት ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አፌን አላረክስበትም።"

እግዚኦ! ሰው ጮኸ። አጥንቱን መሬት ላይ ጣልኩት። መሪጌታ አዩኝ፤ ሰው ሲሞት እንደሚታይ ዓይነት አስተያየት ነበር።

የተፈረደው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። አጥንቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ተቃጠሉ፤ የወንድማቸውም ደብዳቤ አብሮ ነደደ። ተማሪዎቹ ተበተኑ። ወልደተንሣኤን ሊደበድቡት ሲሉ በገደል ተንሸራቶ አመለጠ። መሪጌታን ከደብሩ እንዲወጡ አዘዟቸው። አህያቸውን ጭነው በቆላው መንገድ ሲወርዱ ዘወር አሉና "ከብቶቻችሁን አታቀላቅሉ! አንድ ውኃ አታጠጧቸው!" ብለው ጮኹ። ሰው ግን ምክር አልመሰለውም። "ይኸው፣ ውኃውንም ረገሙብን!" አሉ። አንዲት ሴት አፈር በተነችባቸው።

አስማት ነው ተብሎ የለ? አስማት እንዴት ይፈታል? በጠበል ነዋ። እሑድ ዕለት የአጥቢያው ከብት አንድ ሳይቀር፣ የታመመውም፣ ደኅናውም፣ ከጠበሉ ዳር ተነድቶ መጣ። ቄስ ብርሃነ መስቀል ረጩ። ከብቱ አፍ ላፍ ገጥሞ ከአንድ ገንዳ ጠጣ። እኔ ደግሞ ከላይ ቆሜ ዳዊት ደገምኩ። ድምፄ እንደዚያን ቀን አምሮ አያውቅም፤ ሰው እያለቀሰ "የኔታ ይኑሩልን!" አለኝ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድም ከብት አልተረፈም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ያላለፈበት ቤት የለም። ክረምቱ ገባ፣ ዝናቡ ዘነበ፣ መሬቱ ለሰለሰ፣ የሚያርስ በሬ የለም። ሰው በመቆፈሪያ ቧጨረ። ገብሱ ጎተራ ውስጥ አለቀ። ይሁኔ "እህል ፈልጌ እመጣለሁ" ብሎ ወደ ደብረ ሲና ወረደ፤ ይኸው እስከ ዛሬ የለም። ሕፃኗ እናናየሁ በነሐሴ ሞተች። ሦስት ዓመቷ ነበር። መጨረሻ ላይ ሆዷ ተነፍቶ እግሯ ቀጥኖ ነበር። በሰለች አላለቀሰችም፤ የምታለቅስበት አቅም አልነበራትም። ልጄም እንዳትሞትብኝ መስከረም ሲጠባ ባዶ ስልቻ ይዤ ወደ ቆላ ልለምን ወረድኩ።

ከገደሉ ግርጌ የእስላሞቹ መንደር አለ። እዚያ ልደርስ ስል አንድ ድምፅ ሰማሁና ክው አልኩ። ላም እምቧ አለች። ረሀብ ጆሮዬን ያታለለው መሰለኝ። ቀረብ ስል በእሾህ አጥር ውስጥ ከብት ቆሟል! ብዙ አይደለም፤ ግን ሕያው ነው፤ ያመነዥጋል።

ኑሩ የሚባል የመንደሩ ሽማግሌ ወጣ።

"ይህ ከብት እንዴት ተረፈ?" አልኩት፤ ሰላምታ እንኳ ረስቼ።

"አላህ ነው ያተረፈው" አለ። "ግን ሰበቡ አንድ ሰው ነው። አምና ከላይ ከእናንተ ዘንድ የተባረረ መምህር እዚህ መጣ። 'ደኅናውን ከታመመው ለዩት፣ ከሰው ከብት ጋር ውኃ አታጋሩት፣ ወደ በረሀው አውጥታችሁ ለብቻ አቁሙት' አለን። ክርስቲያን ነው፣ ደሞም የተባረረ ነው፤ ግን ሊነግረን ብሎ ከመንገዱ የወጣ ሰው ምን ሊጠቀም ይዋሻል ብለን ሰማነው። እኩሌታው ተረፈልን፣ አልሐምዱሊላህ።"

"ታዲያ የት ሄዱ?"

"የትም አልሄደም። ንዳዱ እየተመላለሰበት እዚሁ ቀርቶ ተኝቷል።"

ከአንዲት ጎጆ ውስጥ ጠፍር አልጋ ላይ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፣ አጥንታቸው ወጥቷል። ሲያዩኝ አወቁኝ።

"የኔታ፣ ቁጭ ይበሉ" አሉ፤ ቤታቸው በእንግድነት የመጣሁ ይመስል።

ተንበረከክሁ። ሃያ ስድስት ዓመት፣ ከዚያም ሁሉ በፊት፣ ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልተናገርኩት ነገር በአንድ ጊዜ ወጣ። "ማንበብ አልችልም፣ መሪጌታ። ያን ዕለት አንዲትም ፊደል አላወቅሁም። ዋሸሁብዎ።"

"አውቃለሁ" አሉ።

"ካወቁ ለምን አልተናገሩም? 'ይህ ሰውዬ አያነብም' ብለው ለምን አላዋረዱኝም? ያ ሁሉ ሰው ፊት እኮ ነበርን!"

"እኔ ብል ማን ያምነኛል? ደግሞም እርስዎ ራስዎ ይሉታል ብዬ ጠበቅሁ" አሉ። "'አላውቅም' የምትል አንዲት ቃል ናት። አስተማሪ ይህችን ካላስተማረ ሌላውን ማስተማሩ ምን ይረባል ብዬ ነበር።"

አልተቆጡኝም፣ አልማሩኝምም። ውኃ ለመኑኝ፤ አጠጣኋቸው። ከዚያ ስለ ተማሪዎቻቸው ጠየቁኝ። ወልደተንሣኤ በሕይወት አለ ወይ አሉኝ፤ አላውቅም አልኳቸው። ያች ቃል ያን ጊዜማ ቀለለችኝ!

በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። ቄስ የለ፣ ዲያቆን የለ። ኑሩና ልጆቹ ጉድጓዱን ቆፈሩልኝና ራቅ ብለው ቆሙ። እኔ የማውቀውን፣ ያንኑ ዳዊት፣ ሙሉውን በቃሌ ደገምኩላቸው። ድምፄ ተዘጋ፤ ግን ጨረስኩት። ኑሩ ስልቻዬን ማሽላ ሞላልኝ። እንቢ ልል አሰብኩ፤ በሰለች ትዝ አለችኝና ተሸከምኩት።

በመስቀል ማግሥት ደጀ ሰላም ቆሜ ሁሉን ተናገርኩ። ያን ዕለት ወይራው ሥር የተሰበሰበው ሕዝብ ቅጥሩን ሞልቶት ነበር፤ አሁን የቀረው ከሃያ አይበልጥም። የሚደበድበኝ ሰው ፈለግሁ። ውገሩኝ ብዬ ለመንኳቸው። አንድም ሰው ድንጋይ አላነሣም፤ ጉልበት የለማ። ጭቃ ሹሙ ግድግዳውን ተደግፎ "ተዉት እንግዲህ፣ የኔታ" አለ፤ ሌላው ዓይኑን ከደነ። ወንበሬን ተውኩ። ወልደተንሣኤ ከዓመት በኋላ ተመልሶ መጣና አሁን ዜማውንም ንባቡንም ይዞታል። የየቤቱ ተማሪ ሁሉ እየጻፈ ያነባል፤ የሚከለክለው መምህር የለም፤ ሞተው አልቀዋላ።

ለበሰለች ግን ብቻዋን መንገር ነበረብኝ። ደጀ ሰላም የተናገርኩ ዕለት ደክሟት ቤት ቀርታ ነበር። ስመለስ ያመጣሁትን ማሽላ በሰፌድ ታበጥራለች። አጠገቧ ተቀምጬ ነገርኳት፤ ማንበብ አለመቻሌን፣ የመሪጌታ ወንድም የጻፈውን ምክር፣ የኑሩን ከብት፣ መሪጌታ እንዴት እንደሞቱ። እጇን ሳታቆም ሰማችኝ።

"አጥንቱ ላይ የነበረው ይኸው ነው?" አለች።

"ይኸው ነው፣ ልጄ።"

"ያን ቀን ወልደተንሣኤ ያንብብልዎ ሲሉ እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ።"

"አዎ።"

"ያን ዕለት እኮ የሞተው ቦራ ብቻ ነበር" አለች። "ሌላው በሬ ነበረን። ላሟም ነበረች። እናናየሁ ወተት ትጠጣ ነበር።"

ማሽላውን አበጥራ ጨረሰች፣ ግማሹን ለእኔ በቁና ለየችልኝ፣ ተነሥታም ወጣች። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አስርባኝ አታውቅም። ጧት ጧት ቂጣዬን ይዛ ትመጣለች፣ ልብሴን ታጥብልኛለች፣ ስታመም አጠገቤ ታድራለች። ሰው ሁሉ "ልጅ ማለት እንደ በሰለች ነው" ይለኛል። ቂጣውን ስታቀብለኝ ግን እንደ ማንኛውም የአጥቢያው ሰው "እንኩ፣ የኔታ" ነው የምትለኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አባዬ ብላኝ አታውቅም።